ከፍትፍቱ ፊቱ፦ «ሠራተኛን የሚያነሳሳው ደመወዝ ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። ሁለቱ «እውነቱን አፍረጠረጠው!» ብለው። አንዱ «ይህን አይተህ ዝም ልትል ነው?» ብሎ። አራተኛዋ ግን አንድም ቃል ሳትጨምር ነው የላከችልኝ፤ በምመራው ትንሽ ቡድን ውስጥ የምትሠራ፣ ስብሰባ ላይ ብዙም የማትናገር ልጅ ናት። ወደ እሷ ኋላ እመለሳለሁ።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ሰው የመሩ፣ ሥራ የሚያውቁ እንደሆኑ ያስታውቃል። ስለዚህ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ሠራተኛን የሚያነሳሳው ደመወዝና እድገት ነው፤ «አካታችነት» የሞላላቸው ድርጅቶች ቅንጦት ነው ይላሉ። አካታች እንሁን ሲባል መመዘኛው ይወርዳል፣ ጎበዙም ይከፋል ይላሉ። የሚመሳሰሉ ሰዎች ቶሎ ስለሚግባቡ ደስተኞችም ውጤታማም ናቸው ይላሉ። በዚህ ስም የሚሰጠው ሥልጠና ለታይታ ነው፣ ብዝኃነት (የተለያዩ ሰዎችን ማሰባሰብ) ትርፍ ያመጣል ለሚለውም ማስረጃው ደካማ ነው ይላሉ። በመጨረሻም፣ እሳቸው በመሩት ቡድን ውስጥ ለዓመታት አንድም ሰው «ተገለልኩ» ብሎ አቤት ስላላለ ችግሩ ተጋኗል ይላሉ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ እንግባባ። ጸሐፊው አካታችነት ሲሉ የሚታያቸው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር፣ የግማሽ ቀን ሥልጠናና የተለያየ መልክ ያላቸው ሰዎች ተደርድረው የተነሱት ፎቶ ነው። እሱ ከሆነ እኔም ጥብቅና አልቆምለትም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ለሥራዬ የሚያስፈልገኝ መረጃ ለእኔም ይደርሳል ወይ? ነገሩ ከመቆረጡ በፊት እጠየቃለሁ ወይ? ጥሩው ሥራ ለማን እንደሚሰጥና ማን እንደሚያድግ የሚወሰነው በሚታወቅ መመዘኛ ነው ወይስ ለአለቃው በመቅረብ? በሩ፣ ኮምፒውተሩ፣ የስብሰባው ሰዓት እኔም ልጠቀምበት የምችል ነው ወይ? ሴት ብሆን፣ አካል ጉዳተኛ ብሆን፣ ዕድሜዬ ቢገፋ፣ አነጋገሬ ከሌላው ቢለይ፣ የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይቀየራል? ለእኔ አካታችነት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ደመወዙ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ልክ ናቸው። የቤት ኪራዩን መክፈል ያቃተውን ሰው ሰብስቦ ስለ አብሮነት መስበክ ንቀት ነው። እንዲያውም ልጨምርላቸው፦ ለእኩል ሥራ እኩል አለመክፈል ራሱ አንዱ የማግለል መንገድ ነው፣ ምናልባትም ከሁሉ የከፋው።

ግን ደመወዝ እስከ የት ይወስዳል? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው የታወቀ ጥናት አለ። 200 ገደማ መሐንዲሶችንና የሒሳብ መዝገብ ባለሙያዎችን «በሥራችሁ እጅግ የተደሰታችሁበትንና እጅግ የተከፋችሁበትን ጊዜ ንገሩን» ብለው ጠየቋቸው። በመከፋቱ ታሪክ ውስጥ የድርጅቱ አሠራር፣ የአለቃ አያያዝና ደመወዝ ተደጋገሙ። በመደሰቱ ታሪክ ውስጥ ግን ጎልተው የወጡት አንድን ነገር ከዳር ማድረስ፣ ለሠሩት እውቅና ማግኘት፣ ሥራው ራሱና ኃላፊነት መረከብ ነበሩ። ጥናቱ ብዙ ትችት ገጥሞታል። ሰው ሲሳካለት ምስጋናውን ለራሱ፣ ሲበላሽበት ጥፋቱን ለሌላው ይሰጣል የሚሉ ነበሩ፤ ትችቱም ቀላል አይደለም። ቢሆንም እስቲ ዝርዝሩን እንደገና ተመልከቱት። እውቅና ከየት ይመጣል? ኃላፊነትስ? ከሰው እጅ ነው የሚመጡት። ስምህ የማይነሳበት ስብሰባ ላይ እውቅና አይደርስህም፤ ከባዱ ሥራ ሁልጊዜ ለሚቀርቡት ሰዎች ከተሰጠ አንተ ከዳር የምታደርሰው ነገር የለህም። ስለዚህ ጸሐፊው አካታችነትን ከደመወዝ ጎን እንደ አንድ ተጨማሪ ጥቅማ ጥቅም መቁጠራቸው ላይ ነው ስህተቱ። ሌሎቹ የሚያነሳሱ ነገሮች ሁሉ ወደ ሠራተኛው የሚደርሱት በአካታችነት በኩል ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን አንድ ትንሽ ጨዋታ ነው። ተመራማሪዎች ሰዎችን ኮምፒውተር ላይ ኳስ ያቀባብሏቸዋል። ትንሽ ቆይቶ ሌሎቹ ተጫዋቾች ለአንዱ ማቀበል ያቆማሉ። ሰውዬው ይከፋዋል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ኢልያ ቫን ቤስትና ኪፕሊንግ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሥራ ግን ሕጉን ገለበጡት፦ ኳስ በደረሰህ ቁጥር ገንዘብ ይቀነስብሃል። እንግዲህ የተገለለው ነው አትራፊው። ቢሆንም ተከፋ። ገንዘብ እያተረፈ ተከፋ! አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲሉ ያስተዋሉት ይህንን ነው።

ከራሴም ልናገር። የዛሬ ስንት ዓመት እሠራበት በነበረ አንድ ድርጅት ውስጥ ደመወዜ በአንድ ጊዜ ደህና አድርጎ ተጨመረ። በዚያው ሰሞን ሥራዬን የሚመለከቱ ውሳኔዎች እኔ ሳላውቅ ይወሰኑ ጀመር። ከሥራ በኋላ አብረው የሚያመሹ ሦስት አራት ሰዎች ነበሩ፤ ጠዋት ስንገባ ነገሩ አልቆ ይጠብቀናል። ልጅ ለመውሰድ የምትሮጠው ባልደረባችን፣ ሩቅ የሚኖረው፣ ጫጫታ የማይወደው፣ ሁላችንም ወሬውን የምንሰማው ካለቀ በኋላ ነው። የጭማሪው ደስታ ሁለት ወር ያህል ቆየ። ከዚያ በኋላ በሰዓቱ እገባለሁ፣ የታዘዝኩትን እሠራለሁ፣ በሰዓቱ እወጣለሁ። ስህተት ሳይ «ምን አገባኝ» ማለት ጀመርኩ። ሰነፍ ሆኜ አይደለም፣ ልቤ ሸፍቶ ነው። የደመወዝ መዝገቡን ብቻ የሚያይ አለቃ ይህን ከየት ያውቃል?

«ቅንጦት» የሚለውንም ቃል ዝም ብዬ አላልፈውም። በሌላ ጊዜ መስማት የሚቸግረው ባልደረባ ነበረን። ስብሰባ ላይ ሦስት ሰው በአንዴ ሲናገር ነገሩ ይጠፋበታል፤ ቀስ በቀስ መምጣቱን ሊተው ደርሶ ነበር። መፍትሔው ምን ሆነ? አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፣ ተናጋሪው ፊቱን ወደ እሱ ያዞራል፣ የተወሰነው ነገር በዚያው ቀን ተጽፎ ለሁሉም ይላካል። ወጪው ዜሮ። ደግሞ ውሳኔው ተጽፎ መላኩን ከሁሉ አብልጠን የወደድነው እኛ በደንብ የምንሰማው ነን፤ «ማን ምን ሊሠራ ነበር የተባባልነው?» የሚለው ጭቅጭቅ ቀረልን። ይህ የእኛ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ለአሠሪዎች በዚህ ጉዳይ ምክር የሚሰጠው «ጆብ አኮሞዴሽን ኔትወርክ» አሠሪዎችን ሲጠይቅ፣ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ከተደረጉት ማመቻቸቶች ግማሽ ያህሉ ምንም ገንዘብ አላስወጡም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም (2006) ከአቅም ያላለፈ ማመቻቸትን መንፈግ ራሱ አድልዎ ነው ብሎ ደንግጓል። ቅንጦትም ችሮታም አይደለም።

መመዘኛው ይወርዳል የሚለው ክስ፣ መመዘኛው እስከ ዛሬ ትክክለኛ ቦታው ላይ ነበር ብሎ ይነሳል። ነበር? ማሪያን በርትራንድና ሰንድሂል ሙላይናታን እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት በቦስተንና በቺካጎ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች 5,000 ያህል የፈጠራ ሲቪዎችን ልኮ ነበር። የሥራ ልምዱና ትምህርቱ የተመጣጠነ ነው፤ ስሙ ግን አንዳንዱ የነጭ፣ አንዳንዱ የጥቁር አሜሪካዊ የሚመስል ነው። የነጭ ስም የያዘው በ10 ሲቪ አንድ ጥሪ ያገኛል። የጥቁር ስም የያዘው አንድ ጥሪ ለማግኘት 15 መላክ አለበት። እንግዲህ የእነዚያ ቢሮዎች መመዘኛ ችሎታ ነበር ልንል ነው?

ደግሞ አካታች ቅጥር በተግባር የሚጠይቀው ምን እንደሆነ እንይ። ለሁሉም አመልካች ያው ጥያቄ ይቅረብ፤ መልሱ አስቀድሞ በተጻፈ መስፈርት ነጥብ ይሰጠው፤ «ወድጄዋለሁ፣ እኛን ይመስላል» ብቻውን አይብቃ። እንዲህ የተዋቀረ ቃለ መጠይቅ፣ እንደመጣልህ ከሚጠየቅበት ቃለ መጠይቅ ይልቅ ሰውዬው ሥራ ላይ እንዴት እንደሚሆን በተሻለ እንደሚተነብይ የቅጥር ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። መመዘኛው ከፍ አለ እንጂ አልወረደም። ጎበዙም ቢሆን የሚከፋው በምን ተበልጦ እንደቀረ የሚያስረዳው ሲያጣ ነው። ግልጽ መስፈርት የሚጠብቀው እሱንም ነው።

አንድ ነገር ግን እሰጣቸዋለሁ። ለቁጥር ማሟያ ብቻ ሰው ቀጥረው፣ ሥራ ሳይሰጡት፣ ለፎቶ የሚጠሩት ድርጅቶች አሉ። በዚህ ላይ መቆጣታቸው ተገቢ ነው፤ እኔም ያናድደኛል። በዚህ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ያው የተቀጠረው ሰው መሆኑን ቢጨምሩበት ጥሩ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እውነት የተቀላቀለበት ስህተት ስለሆነ። አዎ፣ ከሚመስሉን ጋር መሥራት ይቀልላል። ቀልዱ ይገባናል፣ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይበቃናል። መቅለሉና መሳካቱ ግን አንድ አይደሉም። ካትሪን ፊሊፕስና ሁለት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች በቡድን ሆነው አንድ የግድያ ምርመራ እንቆቅልሽ እንዲፈቱ ተደረገ። በመሐል አዲስ ሰው ይገባል፤ ለአንዳንዱ ቡድን ከራሳቸው የተማሪዎች ማኅበር የሆነ፣ ለአንዳንዱ ከሌላ ማኅበር የመጣ። የራሳቸው ሰው የገባላቸው ውይይቱ ጥሩ እንደሄደ ተሰማቸው፣ በመልሳቸውም ይበልጥ ተማመኑ። እንግዳ የገባባቸው ያን ያህል እርግጠኛ አልነበሩም። ትክክለኛውን ወንጀለኛ በማግኘት የበለጡት ግን እነዚህኞቹ ናቸው። ጸሐፊው የቡድናቸውን ጥንካሬ በዚያ «ተግባብተናል» በሚል ስሜት ለክተውት ከሆነ ሚዛኑ ያሳስታል።

በዚህ ላይ የሆስፒታሉን ታሪክ ልጨምር። የሃርቫርዷ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት ስታጠና፣ ጥሩ የሚሠሩት ቡድኖች ትንሽ ስህተት ይኖራቸዋል ብላ ነበር የጀመረችው። ቁጥሩ ተቃራኒውን አመጣ። ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች የስህተት መዝገብ ረዘመ። ግራ ገብቷት ጠጋ ብላ ስታይ፣ እነዚህ ቡድኖች ብዙ የሚሳሳቱ ሳይሆኑ ስህተታቸውን የማይደብቁ ሆነው ተገኙ። በሌሎቹ ዘንድ ነርሷ የተሳሳተ መጠን ብታይም ዝም ትላለች፤ ተናግራ መሰደብ አትፈልግም። ጎግልም እ.ኤ.አ. በ2012 «ፕሮጀክት አሪስቶትል» ብሎ በጀመረው ጥናት 180 ቡድኖቹን ሲመረምር፣ ከቡድኑ አባላት ማንነት ይልቅ እርስ በርስ ተግባብተው የሚሠሩበት መንገድ ሚዛን ደፍቶ አገኘው። ከሁሉ ቀድሞ የመጣውም ሰው ሳይሸማቀቅ መጠየቅና ተሳሳትኩ ማለት መቻሉ ነው።

እንግዲህ ተነሳሽነት ማለት ምንድነው? ለእኔ አንድ ሰው ያየውን ችግር ለመናገር የሚከፍላት ያቺ ትንሽ ድፍረት ናት። ማንም አያዝዝህም፣ በሥራ ዝርዝርህ ላይ አልተጻፈችም። ሁለት ሦስት ጊዜ ተናግረህ ካልተሰማህ፣ ወይም አንተ ያልከውን ሌላው ደግሞት ከተጨበጨበለት፣ አራተኛው ላይ ትተዋለህ። የተውክበትን ቀን ማንም አይመዘግበውም።

እዚሁ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ልቀበል። ጸሐፊው «ብዝኃነት ትርፍ ያመጣል የሚለው ጩኸት ማስረጃው ደካማ ነው» ያሉት ትክክል ነው። ማኪንዚ የተባለው አማካሪ ድርጅት አመራራቸው የተሰባጠረ ኩባንያዎች ይበልጥ ያተርፋሉ ብሎ ያወጣቸው ሪፖርቶች ለዓመታት ሲጠቀሱ ቆይተዋል። ተመራማሪዎቹ ጀረማያ ግሪንና ጆን ሃንድ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ያንኑ ግንኙነት በትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ላይ ፈልገው አላገኙትም። ስለዚህ «አመራራችሁን አሰባጥሩ፣ ትርፋችሁ ይጨምራል» ብዬ ቃል አልገባም። እኛ የምንነጋገረው ግን ስለ ሠራተኛው መነሳሳትና እርካታ ነው። የተለያዩ ሰዎችን አንድ ክፍል ውስጥ መሰብሰብ ሌላ፣ የተሰበሰቡትን መስማት ሌላ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ድክመት አንስተው ሁለተኛውን ጣሉት።

ስለ ሥልጠናው ብዙ አልከራከርም፤ አብዛኛው ያሉት እውነት ነው። አሌክሳንድራ ካሌቭ፣ ፍራንክ ዶቢንና ኤሪን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ2006 የ708 የአሜሪካ ድርጅቶችን የሦስት አሥርት ዓመታት መረጃ አገላብጠው፣ ሴቶችንና ጥቁሮችን ወደ ኃላፊነት በማምጣት በኩል ሥልጠና ብቻውን ከደካሞቹ መንገዶች አንዱ ሆኖ አግኝተውታል። በግዳጅ ሲሰጥ ጭራሽ ማስቆጣቱም በኋላ በሠሯቸው ጽሑፎች ላይ ተገልጿል። ነገር ግን ያው የ2006 ጥናት ሌላም ነገር ይላል፣ ጸሐፊው ሊያነሱት የሚገባ ነገር፦ ከሁሉ የተሻለ ውጤት የታየው ለጉዳዩ በስም የሚጠየቅ ሰው ወይም ኮሚቴ በተመደበበት ነው። ማን ተቀጠረ፣ ማን አደገ፣ ማን ለቀቀ ብሎ የሚቆጥርና ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ማለት ነው። አንዱ መድኃኒት አልሠራም ተብሎ በሽታው የለም አይባልም። ሌላው መድኃኒት ደግሞ እየሠራ ነው።

ወደ መጨረሻው ነጥብ ስመጣ አዝናለሁ፣ ምክንያቱም እኔም ከጸሐፊው ጋር አብሬ የምወድቅበት ነው። «በቡድኔ አንድም ቅሬታ ሰምቼ አላውቅም።» እኔም ይህን ብዬ አውቃለሁ። ይህ የአንድ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አለቃ ባለበት ሁሉ ሠራተኛ ከመናገሩ በፊት ያሰላል። ብናገር ምን አገኛለሁ፣ ምን አጣለሁ? «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ይተወዋል። የማይነቅዘው ግን ዝምታው ብቻ ነው፤ ሥራው ይነቅዛል፣ ሰውዬውም ውስጥ ውስጡን ይነቅዛል። ከዚያ አንድ ቀን መልቀቂያ ያስገባል። ምክንያቱን ሲጠየቅ «የተሻለ ደመወዝ አገኘሁ» ይላል፤ ከሁሉ ቀላሉ፣ ማንንም የማያስቀይመው መልስ እሱ ነው። ጸሐፊውም ያንን መልስ ሰምተው «አያችሁ፣ ደመወዝ ነው» ያሉ ይመስለኛል።

ያቺን አራተኛዋን ላኪ ትናንት ጠየቅኳት። «ጽሑፉን ወደድሽው እንዴ?» አልኳት። አልወደደችውም። «ቅሬታ የማያሰማ ሰው ደስተኛ ነው የሚለው ጋ ስደርስ፣ አንተም እንደዚያ ታስብ ይሆን ብዬ ነው የላክሁልህ» አለችኝ።

ቁጭ ብለን አንድ ሰዓት ያህል አወራን። የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም፣ የእሷ ነው። ሦስት ነገሮች ነበሩ። ሁለቱን እዚያው ሳምንት ማስተካከል ይቻል ነበር፣ ሳንቲምም አያስወጡም። ከመጣች አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል።